የመኪናን ቀለም በቤት ማለስለስና ማደስ

ቀለሙ የፈዘዘ መኪና ያለው ሰው ቶሎ የሚታየው ማስቀባት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቀለሙ የትም አልሄደም። የሄደው ልስላሴው ነው። ላዩ ላይ ደቃቅ ጭረት፣ የደረቀ ውሃ የተወው እድፍና ፀሐይ የጎዳው ስስ ገጽ ተከማችቷል። ብርሃን እዚያ ላይ ሲያርፍ ይበታተናል፤ መኪናውም የደበዘዘ ይመስላል። ያንን ስስ ገጽ በጥንቃቄ ካነሳችሁት ከሥሩ ያለው ቀለም እንደገና ይወጣል።

ይህ በቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ውድ ማሽን የግድ አይደለም። የግድ የሚሆነው ልክን ማወቅ ነው። ከቀለሙ ላይ ያነሳችሁት ነገር ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ በየደረጃው ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዚህ ባነሰ ማሸት ይሆንልኛል ወይ?

መጀመሪያ ቀለሙን እወቁት

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለሙ አንድ ወጥ አይደለም። ብረቱ ላይ የዝገት መከላከያና ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መደብ፣ አለ። ቀጥሎ ቀለሙ ራሱ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ክሊር የሚባለው፣ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን አለ። ሁሉም ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ይቀጥናል ማለት ነው። እናንተ የምትሠሩት በዚያች ውስጥ ነው።

ክሊሩ ለማብረቅ ብቻ የተቀባ አይደለም። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል ንጥረ ነገር የያዘው እሱ ነው። በጣም ከሳሳ ዛሬ ያማረው ቦታ ከጊዜ በኋላ መንጣትና መላጥ ይጀምራል። እኔ የምከተለው ልክ በመኪናው ዕድሜ በሙሉ ከክሊሩ ሩቡን እንኳ ላለማንሳት ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ይጠቅማል። በዙሪያው ካለው በጣም ወፍሮ የሚለካ ቦታ ካለ እዚያ ጋ መኪናው ቀደም ሲል ስቱኮ ተደርጎለታል ወይም እንደገና ተቀብቷል። መሣሪያው ግን ጠቅላላውን ውፍረት እንጂ ክሊሩን ለብቻው አይነግራችሁም።

የቆዩ መኪኖች ላይ ነገሩ ይለያል። ቀለምና ክሊር ተለያይተው መቀባት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ መኪኖች ክሊር የላቸውም። ለማወቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ (ቀለም የሚያለሰልስ ቅባት) አድርጋችሁ የማይታይ ቦታ ላይ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀለም በፖሊሽ ጥሩ ሆኖ ይመለሳል፤ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ሲታይ አትደንግጡ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገራችሁ። ክሊሩ መላጥ ከጀመረ፣ ማለትም ጣሪያው ወይም ኮፈኑ ላይ ጠርዙ የተነሳ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ፣ ያንን የሚመልስ ፖሊሽ የለም። እዚያ ቦታ ላይ የሚያዋጣው ክሊሩን አንስቶ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። ፖሊሽ ላይ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ጭረቱን መመርመር

መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙና ጭረቱን በውሃ አርጥቡት። ውሃው ሲነካው ከጠፋ ላዩን ነው፤ በፖሊሽ ይሄዳል። ከረጠበም በኋላ ከታየ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ በቀስታ አሻግሩ። ጥፍር ካልያዘው በውሃ ማሸትና በኮምፓውንድ (ከማጠናቀቂያ ፖሊሽ ሻከር ያለ የማሻ ቅባት) ማስለቀቅ ይቻል ይሆናል። ጥፍር ከያዘው ጠልቋል፤ አሽቶ ለማጥፋት መሞከር ዙሪያውን ያለውን ክሊር መጨረስ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ከታየ ፕራይመሩ ጋ ደርሷል። ብረት ከታየ ደግሞ ዝገት ከመጀመሩ በፊት ቶሎ መሸፈን አለበት።

ዕቃዎቹ

የመኪና ሻምፖ፣ ሁለት ባልዲ፣ በርከት ያለ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የወረቀት ማጣበቂያ ቴፕ፣ ጠንካራ የእጅ መብራት። በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ባለ 1500፣ 2000 እና 3000 ቁጥር። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ይደቃል። ወረቀቱ የሚያዝበት ለስላሳ ጎማ ወይም ስፖንጅ። የውሃ መርጫ ጠርሙስ። ኮምፓውንድ፣ ማጠናቀቂያ ፖሊሽና ሰም። አይሶፕሮፒል አልኮል።

የፖሊሽ ማሽን ከገዛችሁ እየተሽከረከረ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ዓይነት ምረጡ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው ፈጣን ነው፤ ግን ሙቀት ያበዛል፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ቀለም ይበላል። ለጀማሪ አልመክረውም።

አጥባችሁ አትርኩ

ሥራው ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ አሸዋ ነው። ቀለሙ ላይ የቀረች አንዲት ቅንጣት ከወረቀቱ ሥር ከገባች እናንተ ካላሰባችሁት ቦታ ላይ ጥልቅ መስመር ታወጣለች። ስለዚህ መኪናውን ከላይ ወደ ታች እጠቡ። አንዱ ባልዲ ሻምፖ፣ ሌላኛው ንጹሕ ውሃ ይያዝ። ጨርቁን ወደ ሻምፖው ከመመለሳችሁ በፊት ሁልጊዜ በንጹሑ ውሃ አለቅልቁት።

ከታጠበ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቀለሙን ዳስሱ። ባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት በፌስታሉ በኩል ይሰማል። ያ ሻካራ ነገር ተጣብቆ የቀረ የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ሬንጅ ነው። ሬንጁን በሬንጅ ማስለቀቂያ አንሱት። የቀረውን ለመኪና ቀለም በተሠራ የማጽጃ ጭቃ፣ በሻምፖ ውሃ እያረጠባችሁ፣ ሳትጫኑ አንሱት። ጭቃው መሬት ላይ ከወደቀ ጣሉት። ታጥቦ አይነጻም።

ከዚያ አድርቁና ቴፕ ለጥፉ። ጎማዎች፣ ጥቁር ፕላስቲኮች፣ አርማዎች ይሸፈኑ። ከሁሉ በላይ ጠርዞችን ሸፍኑ፤ የበር ጠርዝ፣ የኮፈን ጠርዝ፣ በር ላይ ያለ የታጠፈ መስመር። ቀለም ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነው። በተጨማሪም ወረቀቱና ፓዱ (ፖሊሽ የሚታሽበት ስፖንጅ) ሙሉ ጉልበታቸውን የሚያሳርፉት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

ከለስላሳው ጀምሩ

ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ቦታ በቴፕ ከልሉ። በለስላሳ ፓድና በማጠናቀቂያ ፖሊሽ ብቻ ሥሩት። ጥርጉና በመብራት እዩት። ከጠራ አለቀ፤ መኪናውን በሙሉ በዚሁ ሥሩት። ካልጠራ ወደ ኮምፓውንድ እለፉ። እሱም ካቃተው ብቻ ወረቀት ይመጣል። ይህቺን ሙከራ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። በፖሊሽ የሚድን መኪና ላይ ወረቀት ያሳረፈ ሰው ክሊሩን በከንቱ አባከነ።

በውሃ ማሸት

ወረቀት የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ሲኖር ነው። ቀለሙ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥባጣ ሲሆን፣ ፖሊሽ ያልደረሰበት ጭረት ሲኖር፣ ወይም አዲስ የተቀባ ቦታ ላይ አቧራ ተጣብቆ ወይም ቀለም ወርዶ ሲደርቅ።

ወረቀቱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ንከሩ። ውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ወረቀቱ ይንሸራተታል፣ ብናኙም አይጣበቅበትም። የወረቀቱን ማዕዘኖች በመቀስ አክብቡ። ሹል ማዕዘን ይቧጭራል።

ወረቀቱን ጎማው ላይ ጠቅልሉት። በጣት ጫፍ ብቻ ይዛችሁ አትሹ። ጣቶቻችሁ የሚጫኑት በየጣቱ ነው፤ ሲያበራ በየጣቱ ልክ ቦይ ወጥቶ ታያላችሁ። ክብ ቅርጽ ያለው ቦታ ላይ ከጎማው ይልቅ ቅርጹን ተከትሎ የሚታጠፍ ስስ ስፖንጅ ይሻላል።

አሁን በ2000 ጀምሩ። ጉርብጥብጡ ብዙ ከሆነ ብቻ 1500 ያዙ። ቦታውን በውሃ አርጥቡና ቀጥ ባለ መስመር፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ወዲያና ወዲህ እሹ። የእጃችሁ ክብደት ይበቃል። አሥር ጊዜ ያህል ስትመላለሱ አቁሙ። ወረቀቱን አለቅልቁ፣ ቦታውን እንደገና አርጥቡ።

እዚህ ላይ ዓይናችሁ ከውሃው አይለይ። ክሊር ስታሹ የሚወርደው ውሃ ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ውሃው የመኪናውን ቀለም መያዝ ከጀመረ፣ ቀዩ መኪና ላይ ሮዝ፣ ሰማያዊው ላይ ሰማያዊ ከሆነ፣ ክሊሩን አልፋችኋል። በዚያች ቅጽበት እጃችሁን አንሱ። ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ ቀለም ነው እንጂ ፖሊሽ አይደለም። ክሊር የሌለው የቆየ መኪና ላይ ብቻ ነው ባለ ቀለም ውሃ ጤናማ የሚሆነው። መኪናው ነጭ ከሆነ ግን ውሃው ምንም አይነግራችሁም፤ ያኔ ልካችሁ መብራቱና ቁጥብነታችሁ ነው።

በየጥቂቱ ውሃውን በመስታወት መጥረጊያ ጎማ ስባችሁ አድርቁና ከጎን እዩ። የታሸው ከፍታ ደብዝዟል፤ ያልተነካው ዝቅታ አሁንም ያበራል። መጀመሪያ ላይ በድብዛዛው መሐል የሚያበሩ ደቃቅ ነጥቦች ይበዛሉ። እያሻችሁ ስትሄዱ ነጥቦቹ እየጠበቡ እየጠፉ ይሄዳሉ። ሁሉም ወጥ ሆኖ ሲደበዝዝ ገጹ ተስተካክሏል። እኔ ጥቂት ነጥቦች ሲቀሩ አቆማለሁ። የፋብሪካ ቀለም ላይ ፍጹም መስታወት ለማድረግ መሞከር ብዙ ክሊር ያስከፍላል፤ የቀረችውን ትንሽ ጉርብጥ ደግሞ ማንም አያያትም።

ከዚያ ወደ 3000 እለፉ። ቁጥር ስትቀይሩ ባልዲውን ድፉና አዲስ ውሃ ሙሉ። ከቀደመው ወረቀት የቀረ ሻካራ ቅንጣት አዲሱን ሥራ ያበላሻል። አቅጣጫውንም ቀይሩ። በ2000 ወዲያና ወዲህ ካሻችሁ በ3000 ከላይ ወደ ታች እሹ። እንዲህ ሲሆን የቀድሞው መስመር ተሻግሮ ስለሚታይ መጥፋቱን ታውቃላችሁ። አንድ የቀድሞ መስመር እንኳ ቀርቶ እያለ አትለፉ። እዚህ የቀረ መስመር በኮምፓውንድ ጊዜ እጥፍ ድካም ይሆናል።

3000 ሲያልቅ ቀለሙ እንደ ጭጋግ ሆኖ ታዩታላችሁ። ደህና ነው፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት።

ኮምፓውንድና ፖሊሽ

ፀሐይ ላይ አትሥሩ። ብረቱ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሞቃት ገጽ ላይ ኮምፓውንድ ወዲያው ይደርቅና ይጣበቃል።

ፓዱ ላይ አራት የአተር ፍሬ የሚያህሉ ጠብታዎች አድርጉ። ማሽኑን ሳታስነሱ በቦታው ላይ ነካ ነካ አድርጋችሁ አሰራጩት፤ አለበለዚያ ግድግዳውን ትቀባላችሁ። በዝቅተኛ ፍጥነት ዘርጉትና ወደ መካከለኛው ከፍ አድርጉ። ማሽኑ ስድስት ደረጃ ካለው አራት ወይም አምስት ላይ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከ50 በ50 ሴንቲሜትር አትብለጡ። ማሽኑን ቀስ አድርጋችሁ ንዱ፤ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ቢሄድ በቂ ነው። መስመሮቹ በግማሽ ይደራረቡ። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙ። ፓዱ ገጹ ላይ ተስተካክሎ ይተኛ፤ አታዘንብሉት። በየመሐሉ ብረቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ለብ ካለ ችግር የለም። ካቃጠለ አቁሙ።

እያንዳንዱ ቦታ ሲያልቅ ፓዱን በብሩሽ አጽዱ። በቀለም ብናኝ የሞላ ፓድ አይቆርጥም፤ ይቧጭራል እንጂ።

ከዚያ ጥርጉና በአልኮል አረጋግጡ። አልኮሉን በእኩል ውሃ ቀጥኑት፣ ርጩት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ምክንያቱ ኮምፓውንድና ፖሊሽ ውስጥ ቅባት አለ። ቅባቱ ጭረቱን ሞልቶ ይደብቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን ጭረቱ ይመለሳል። አልኮሉ ያንን ቅባት ያነሳና እውነተኛውን ገጽ ያሳያችኋል። አዲስ የተቀባ ቀለም ላይ ግን አልኮል አትጠቀሙ።

መብራቱን አሁን ያዙ። የአምፖሉ ነጸብራቅ ቀለሙ ላይ ሲያርፍ ጠርዙን እዩ። ጠርዙ የተቆረጠ ያህል ጥርት ካለ ጨርሳችኋል። ጠርዙ ከተበታተነ ወይም በዙሪያው ክብ ክብ የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር ከታየ ገና ነው። ኮምፓውንዱ ራሱ የተወው ጭጋግ ከሆነ በለስላሳ ፓድና በማጠናቀቂያ ፖሊሽ ይጠራል። ጥቁር መኪና ይህን ሁለተኛ ዙር አይምራችሁም፤ የብር ቀለም ያለው ብዙ ይሸፍናል።

ያለ ማሽንስ? ይቻላል። ከ3000 በኋላ በስፖንጅ ፓድና በኮምፓውንድ በእጅ አሽቶ ማውጣት ይሆናል። ግን አንድ በር ብቻ እጅ ያዝላል። መኪናውን በሙሉ በእጅ ለመሥራት ካሰባችሁ ወረቀቱን ተዉት፤ በፖሊሽ ብቻ የሚገኘው ውጤት ይብቃችሁ።

በመጨረሻ ሰም ወይም ሰው ሠራሽ መከላከያ ቀቡ። ስስ አድርጋችሁ፤ ወፍራም ሰም ለመጥረግ ያስቸግራል እንጂ የበለጠ አይጠብቅም። የተፈጥሮ ሰም ለወራት እንኳ ላይቆይ ይችላል። ሰው ሠራሹ ይበልጣል።

በጠጠር የተነቀለ ቀለም

ኮፈኑ ፊት ላይ ጠጠር የነቀላት ትንሽ ነጥብ ካለች በብሩሽ ጠቅላላ መቀባት አያስፈልግም። ቀለሙን በመኪናው የቀለም ኮድ አዝዙ። ኮዱ ብዙ ጊዜ በበሩ መቃን ላይ ወይም ከኮፈኑ ሥር ባለ ተለጣፊ ላይ ይገኛል።

ነጥቡ ውስጥ ዝገት ካለ በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር አድርጋችሁ አውጡ። በአልኮል ጥረጉ። ብረት ከታየ ፕራይመር በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንድ ጠብታ። ሲደርቅ ቀለሙን እንዲሁ፣ በጠብታ፣ ከነጥቡ ጠርዝ ሳታስወጡ። ቀለም ሲደርቅ ስለሚሰረጉድ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። በመጨረሻ ክሊሩ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ እስኪል ይጨመር። ከዚያ ጥቂት ቀናት ተዉት።

ሲደርቅ ያቺን ጉብታ ብቻ ነው የምታነሱት። ቴፕ ላይ ጉብታውን የምታህል ቀዳዳ ብሱና ለጥፉት፤ ጉብታው በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ዙሪያው ያለው ክሊር ግን ተሸፍኗል። የእርሳስ ላጲስ ጫፍ ላይ ትንሽ ባለ 2000 ወረቀት ለጥፋችሁ በውሃ፣ በቀስታ እሹ። ጉብታው ከቴፑ ጋር ሲስተካከል ቴፑን አንሱና የቀረችውን በ3000 ጨርሱ፣ ፖሊሽ አድርጉ። ከእጅ ርዝመት ላይ ሆኖ የሚያገኛት ሰው አይኖርም።

አንድን ክፍል እንደገና መቀባት

እዚህ ላይ ሥራው ይከብዳል። ቢሆንም አንድ ፓራፋንጎ ወይም አንድ በር በስፕሬይ ቆርቆሮ አሳምሮ መቀባት ይቻላል። ከውጤቱ አብዛኛው የሚወሰነው ከመርጨቱ በፊት ባለው ዝግጅት ነው።

ከሁሉ በፊት የጤናውን ጉዳይ እንነጋገር። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ክፍል ክሊር አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ሊያስይዝም ይችላል። የአቧራ ማስክ አያስጥለውም። ሥራው አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ፣ ለዚህ ኬሚካል የተፈቀደ የመተንፈሻ መከላከያ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ ካልሆነ አይሞከር። ይህን ማሟላት ካልቻላችሁ ዝግጅቱን ራሳችሁ ሠርታችሁ ክሊሩን ለባለሙያ ስጡ። ሃርድነር የሌለው ተራ ስፕሬይም ቢሆን ለኬሚካል ጭስ የሚሆን ማስክ ይፈልጋል። በአካባቢው እሳት፣ ሲጋራ፣ የጋዝ ምድጃ አይኑር።

ስርጉዱን በስቱኮ ሙሉ። ስቱኮው የሚያርፍበት ቦታ ባለ 80 ወረቀት ታሽቶ ብረቱ መታየት አለበት። ዝገት ካለ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ስቱኮ ሥር የቀረ ዝገት ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ሃርድነሩ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ አካባቢ፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ቀለሙ ወጥ እስኪሆን አዋህዱ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ አዘጋጁ። ስስ ስስ አድርጋችሁ ደራርቡ።

ሲደርቅ በደረቁ እሹት፦ 80፣ 150፣ 240። ስቱኮን በውሃ አትሹ። ውሃ ይመጥጣል፤ ያ ውሃ ከቀለም ሥር ታፍኖ ብረቱን ያዝጋል፣ ቀለሙንም ያሳብጣል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳስሱ። ከብረቱ ወደ ስቱኮው ስትሻገሩ ልዩነት ከተሰማችሁ አላለቀም።

ቀጥሎ ፕራይመር። ባዶ ብረት ላይ ለብረት የተሠራ ፕራይመር መጀመሪያ፣ ከዚያ ወፈር ያለው የመሙያ ፕራይመር ሁለት ወይም ሦስት ዙር። የፕላስቲክ ባምፐር ላይ ከሆነ ጥሬው ፕላስቲክ በታየበት ሁሉ ለፕላስቲክ የተሠራ ማያያዣ መጀመሪያ ይረጫል፤ ያለ እሱ ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ፕራይመሩ ሲደርቅ ጥቁር ስፕሬይ በጣም ስስ አድርጋችሁ ብናኝ ብቻ እርጩበት። ከዚያ ባለ 600 ወረቀት በውሃ እሹ። ጥቁሩ ብናኝ የቀረበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ ካልሄደ እንደገና ፕራይመር ይፈልጋል። ሁሉም ሲጠፋ ገጹ ልክ ሆኗል። ክሊር የሚያርፍበትን ቀሪውን ክፍል ባለ 1000 በሆነ ወረቀት እስኪደበዝዝ እሹ። የሚያበራ ገጽ ላይ ክሊር አይያዝም።

ቀለሙን ከመርጨታችሁ በፊት ካርቶን ላይ ርጩና ክሊር ጨምራችሁ፣ በቀን ብርሃን መኪናው አጠገብ አድርጋችሁ አስተያዩ። ኮዱ አንድ ሆኖ እንኳ የመኪናው ቀለም በፀሐይ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው፣ ነፋስ የሌለው ቀን ምረጡ። ወለሉን በውሃ አርጥቡ፤ አቧራ ይይዛል። ገጹን በቅባት ማስለቀቂያ ጥረጉና ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አትንኩት። ቆርቆሮውን ውስጡ ያለው ኳስ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ሁለት ደቂቃ ናጡ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ራቁ። ከክፍሉ ውጭ መርጨት ጀምሩ፣ ተሻግራችሁ ውጭ ላይ አቁሙ። እጃችሁ በክንዱ ይሂድ፤ አንጓችሁን እንደ በር አታዙሩ። የመጀመሪያው ዙር ሥሩ እያሳየ ስስ ይሁን። በየዙሩ መሐል 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ሦስት አራት ዙር ብዙውን ጊዜ ይሸፍናል። አንድ ወፍራም ዙር ከሦስት ስስ ዙር አይሻልም፤ ይወርዳል።

ሜታሊክ ቀለም ከሆነ በዙሮቹ መሐል አታሹት። ውስጡ ያለው የብረት ቅንጣት አቀማመጥ ይዛባና ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይታያል። የቀለሙን ጠርዝ በቴፕ ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ እያንዳንዱ ዙር ከቀድሞው ትንሽ ሰፋ ብሎ ወደ አሮጌው ቀለም እየሳሳ ይጥፋ። ክሊሩ ግን ክፍሉን በሙሉ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሸፍን። በር መሐል ላይ የሚያልቅ ክሊር ቆይቶ መስመር ያወጣል።

ክሊር ሲወርድ ብታዩ በጨርቅ አትንኩት። ይድረቅ። ባለ ሁለት ክፍል ክሊር 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ማሸት ይቻላል። ተራው ስፕሬይ ክሊር ቢያንስ ሳምንት ይፈልጋል፤ ከደረቀ በኋላም ቤንዚንና ቲነር ያሟሟዋል። ስለዚህ የነዳጅ መሙያው አካባቢ ተራውን አትጠቀሙ። የወረደውን ጠብታ ራሱን ብቻ ባለ 1500 ወረቀትና በትንሽ ጠንካራ ጎማ አስተካክሉ፤ ከዚያ ከላይ እንዳልነው 2000፣ 3000፣ ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽ።

አዲሱ ቀለም ላይ ለ30 ቀን ያህል ሰም አትቀቡ፤ ውስጡ የቀረው ቲነር መውጣት አለበት። እስከዚያ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሻምፖ በእጅ እጠቡት። የወፍ ኩስ ካረፈበት እስኪደርቅ አትጠብቁ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁበት ይራስ፤ ከዚያ ሳትፈትጉ አንሱት።